«በስንት ትሠሪልኛለሽ?» ለሚል ደንበኛ መቼ እና ምን ተብሎ ይመለሳል?

ጥያቄ፦ «አዳማ ነው የምኖረው። በግሌ ግራፊክ ዲዛይን መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ንግድ ፈቃድና ቲን ነምበር አለኝ፤ ለቫት ግን አልተመዘገብኩም። የሚቸግረኝ ሥራው ሳይሆን ዋጋው ነው። ባለፉት ሁለት ወራት ለአሥራ አንድ ሰው ዋጋ ሰጥቼ የሠራሁት ለአንዱ ብቻ ነው። አንዳንዱ ደውሎ ‹ሎጎ በስንት ትሠሪያለሽ?› ይለኛል፤ ስነግረው ‹እሺ እደውላለሁ› ብሎ ይጠፋል። አንድ ድርጅት ሦስት ጊዜ ፕሮፎርማ (በጽሑፍ የዋጋ ማቅረቢያ) አምጪ ብሎኝ አንድም ሥራ አልሰጠኝም፤ በቅርቡ ደግሞ የግዢ ሠራተኛው ዋጋ ያልተሞላበት ፕሮፎርማ ላይ ማህተም አድርጌ እንድሰጠው ጠየቀኝ። ካፌ ልትከፍት ያለች አንዲት ሴት ደግሞ ለሎጎና ለሜኑ 18,000 ብር ስላት ‹ሌላ ልጅ በ3,000 ይሠራልኛል፤ ግን ያንቺን ሥራ ወድጄዋለሁ፣ መጀመሪያ ሳምፕል ሠርተሽ አሳዪኝ› አለችኝ። እስካሁን አልመለስኩላትም። ዋጋዬን ልቀንስ? ወይስ የዋጋ ዝርዝር አውጥቼ ልለጥፍ? ደንበኛ ሳላስቀይም ምን ብዬ ልመልስ? እባክዎ ይምከሩኝ።»

ምላሽ፦

ዋጋሽን አትቀንሺ፤ የዋጋ ዝርዝርም አትለጥፊ። ከአሥራ አንዱ አሥሩ የሸሹት ስለተወደደባቸው ነው ብለሽ ደምድመሻል። የጻፍሽውን ደጋግሜ ሳነበው ግን የተለያዩ ሰዎች የተለያየ ነገር ጠይቀውሽ ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ሰጥተሻል፤ ቁጥር። ደውሎ የጠፋው ሰው ምን እንደሚገዛ ገና አያውቅም። የግዢ ሠራተኛው የሚፈልገው ወረቀት ነው። ሳምፕል የጠየቀችሽ ሴት ገንዘቧን ከፍላ የማትወደው ነገር እንዳይመጣባት ትፈራለች። በትክክል ዋጋ የጠየቀሽ፣ ሥራ የሰጠሽ ያ አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ቁጥር ከመጥራትሽ በፊት ማን ምን እየጠየቀሽ እንደሆነ መለየት ይኖርብሻል።

ከሚደውለው ሰው እንጀምር። ጨርቅ ይዞ ልብስ ሰፊ ዘንድ የሄደ ሰው «በስንት ትሰፋልኛለህ?» ቢል ሰፊው መጀመሪያ ይጠይቀዋል፤ ሸሚዝ ነው ሙሉ ልብስ? ገበሩ ከማን ነው? ለመቼ ይድረስ? በዚህ የሚቀየም ሰው አላየሁም። እኛ ዲዛይነሮች ግን ስልኩ ሲጮህ ደንበኛው እንዳያመልጠን ስለምንቸኩል ሳንጠይቅ እንመልሳለን። ሥራው ሳይታወቅ የተጠራ ቁጥር በሁለት በኩል ይጎዳል። ከፍ ካለ ሰውየው ምን እንደሚያገኝበት ስላላወቀ ይደነግጣል። ዝቅ ካለ ደግሞ ቁጥሯ ትያዝብሻለች፤ በኋላ ሥራው የመኪና ላይ ጽሑፍ፣ የደብዳቤ ወረቀት፣ ማህተምና የፌስቡክ ሽፋን ጨምሮ ሲመጣ «አንቺ እኮ 8,000 ብለሽኝ ነበር» ትባያለሽ።

በሌላ በኩል «ዝርዝሩን ሳላውቅ ዋጋ አልናገርም» ብሎ በሩን መዝጋትም ስህተት ነው። ይህን እንደ ጥንካሬ የሚቆጥሩ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ፤ እኔ አልስማማም። ኪሱ ውስጥ 2,000 ብር ያለው ሰው ከአንቺ ጋር አርባ ደቂቃ ቢያወራ ለሁለታችሁም ኪሳራ ነው። መነሻና መድረሻውን ንገሪው፣ ወዲያው ጥያቄሽን አስከትይ፣ ቁርጡን በጽሑፍ እንደምትልኪለት ተናገሪ። እንዲህ በዪው፦ «ሎጎ እኔ ዘንድ ከ16,000 እስከ 36,000 ብር ነው፤ የሚለያየው እንደ ሥራው ስፋት ነው። ሦስት ነገር ልጠይቅዎትና ቁርጡን ዛሬ ማታ በቴሌግራም እልክልዎታለሁ። ሎጎው የት የት ላይ ነው የሚውለው? በአማርኛ ብቻ ነው ወይስ በእንግሊዝኛም? ለመቼ ነው የሚያስፈልግዎት?» መነሻውን ሰምቶ የሚጠፋ ይጥፋ፤ የወሰደብሽ ሁለት ደቂቃ ነው። ጥያቄዎቹን የሚመልስልሽ ሰው ግን ስለ ቁጥሩ ማሰቡን ትቶ ስለ ራሱ ሥራ ማውራት ጀምሯል፤ ከዚያ ሰው ጋር መዋዋል ይቻላል።

ዝርዝር አትለጥፊ ያልኩሽም ለዚሁ ነው። «ሜኑ 5,000 ብር» ብለሽ ብትለጥፊ አንድ ገጽ ያለው ሜኑና በሁለት ቋንቋ የተዘጋጀ አሥራ ሁለት ገጽ ሜኑ በአንድ ዋጋ ይጠየቁብሻል። የተለጠፈ ዝርዝር ደግሞ አንዱ ለአንዱ እያስተላለፈው በቴሌግራም ለዓመታት ይዞራል፤ አንቺ ዋጋሽን ከቀየርሽ በኋላም ሰው አሮጌውን ይዞ ይመጣብሻል። የግድ መለጠፍ ካማረሽ «ከዚህ ጀምሮ» የሚል መነሻ ብቻ ይበቃል።

ጀማሪዎች ከሚዘሏቸው ጥያቄዎች በጣም ውዱ ስለ ጽሑፉ የሚጠየቀው ነው፤ ማን ይተይበዋል፣ ማንስ ያርመዋል? የሜኑ ደንበኛ በእጅ የተጻፈ ወረቀት በስልኩ ፎቶ አንስቶ ሊልክልሽ ይችላል። መሥሪያ ቤት ደግሞ ከዓመታት በፊት በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በፓወር ግዕዝ የተተየበ ፋይል ይልክልሻል። እነዚህ የቆዩ ፎንቶች ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል አሠራር) ስላልሆኑ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆኖ ይወጣል። መለወጫ ፕሮግራም አለ፤ ቢሆንም ከተለወጠ በኋላ ከመጀመሪያው ቅጂ ጋር ቃል በቃል ማመሳከር ግድ ነው። የአርባ ገጽ ሪፖርት ከሆነ ይህ ብቻውን ቀናት ይበላል፤ ማንም ደግሞ የዲዛይን ሥራ ብሎ አይቆጥርልሽም። ዋጋ ማቅረቢያሽ ላይ «ጽሑፉ በዩኒኮድ ተተይቦና ታርሞ በደንበኛው ይቀርባል፤ ትየባና እርማት ለብቻው ይከፈልበታል» የሚል መስመር ሳይኖር አንድም ሥራ አትጀምሪ። የሁለት ቋንቋ ሎጎም እንዲሁ ነው። ፊደላችን እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለው ሁለቱን ጎን ለጎን አመጣጥኖ ማስቀመጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ደንበኛው «እንግሊዝኛውን ከሥሩ ጨምሪልኝ» ሲልሽ ቀላል ቢመስለውም አንቺ በቀን ቁጠሪው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ያንቺን ዋጋ የሚወስነው ሌላው ልጅ የጠራው ዋጋ አይደለም፤ ያንቺ ቀን ስንት እንደሚያወጣ ነው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ እወስዳቸዋለሁ፤ አንቺ በራስሽ ተኪያቸው። ለኑሮሽ በወር 30,000 ብር ያስፈልግሻል እንበል። ለኢንተርኔት፣ ለትራንስፖርት፣ መብራት ሲጠፋ ለምትሠሪበት ባትሪ እና ኮምፒውተርሽ ሲያረጅ ለመተኪያ የምታስቀምጪው 9,000 ይሁን። ለግብር እንዲሁም ሥራ ለሚጠፋበት ወር መጠባበቂያ ሌላ 9,000። ድምሩ 48,000 ነው። ይህን ለ24 የሥራ ቀን ብታካፍዪው ራስሽን ታታልያለሽ፤ ምክንያቱም ከወሩ ግማሹ ዋጋ በመጻፍ፣ ደንበኛ በማነጋገር፣ ማተሚያ ቤት በመመላለስና ክፍያ በመከታተል ያልፋል። በእውነት የሚከፈልባቸው ቀናት 12 ናቸው። 48,000 ለ12 ሲካፈል በቀን 4,000 ብር ይመጣል። ከዚህ በታች የሠራሽበት ቀን ሁሉ ከኑሮሽ ላይ ተቀንሶ ለደንበኛው የተሰጠ ነው።

በዚህ መስፈሪያ የካፌዋን ሥራ እንለካው። ለሎጎው ንግግርና ጥናት አንድ ቀን፣ ረቂቅ አንድ ቀን ተኩል፣ የተመረጠውን አጥርቶ መሥራት አንድ ቀን፣ ማስተካከያ አንድ ቀን፣ ፋይሎቹን አዘጋጅቶ ማስረከብ ግማሽ ቀን፤ አምስት ቀን ሆነ። የሁለት ቋንቋ ሜኑ ሦስት ቀን ጨምሪበት። ስምንት ቀን በ4,000 ሲባዛ 32,000 ብር ነው። አንቺ የጠየቅሻት 18,000 ነው፤ በቀን 2,250 ብር። ልቀንስ ወይ ብለሽ የጠየቅሽኝ ዋጋ ቀድሞውኑ ከወለልሽ በታች ነበር ማለት ነው። በ3,000 ይሠራልኛል የተባለውን ልጅም አታጣጥዪው። ከወላጆቹ ጋር የሚኖር ተማሪ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የተዘጋጀ ቅርጽ ላይ ስም ቀይሮ የሚሰጥ። የሚሸጠው ሌላ ዕቃ ነው፤ ለአንዳንድ ደንበኛ እሱ ይበቃዋል።

ዋጋ ሲወርድ ሥራውም አብሮ ይወርዳል፤ ይህን ሕግ ለማንም ብለሽ አትጣሺው። በንግግር መሐል 32,000 የነበረውን ያለ ምንም ምክንያት 22,000 ካደረግሽው ደንበኛው የሚረዳው አንድ ነገር ነው፦ የመጀመሪያው ቁጥር የተጋነነ ነበር፤ ትንሽ ብገፋ ደግሞ ሌላም ይወርዳል። «በ22,000 ረቂቁ ከሦስት ወደ አንድ ይወርዳል፣ እንግሊዝኛው ይቀራል» ካልሽው ግን ዋጋው ከምን እንደተሠራ ያያል። ብዙ ጊዜ ራሱ «አይ፣ እንግሊዝኛውስ አይቅር» ብሎ ወደ ላይ ይመለሳል። «ወደፊት ብዙ ሥራ አለን፣ ለመጀመሪያው ተባበሪን» ለሚልሽም መልሱ ከዚህ ይመጣል፦ «ደስ ይለኛል፤ ከሦስተኛው ሥራ ጀምሮ አሥር በመቶ እቀንሳለሁ» በዪና በጽሑፍ አስቀምጪው። ቅናሽ የሚሰጠው ለመጣ ሥራ እንጂ ለተስፋ አይደለም።

ሳምፕል ሠርተሽ ለማሳየት እሺ አትበዪ። ሎጎ ላይ ውዱ ሐሳቡ ነው፤ ሳምፕሉን አንዴ ካየችው ሐሳቡን ወስዳለች፤ በ3,000 የሚሠራው ልጅ ያንን አይቶ ሊጨርስላት ይችላል። ግን ፍርሃቷ እውነተኛ ስለሆነ ዝም ብለሽ «አይሆንም» ብቻ አትበያት። ከዚህ ቀደም ከሠራሽው ውስጥ ለእሷ የሚቀርቡ ሁለት ሥራዎችን አሳዪያት፣ ከዚያ ሥራውን በደረጃ ክፈዪላት። የመጀመሪያውን ደረጃ ከፍላ ረቂቁን ካየች በኋላ ካልወደደችው በዚያው የማቆም መብት ይኑራት። እንዲህ ከሆነ እሷ አደጋ ላይ የምትጥለው ግማሹን ገንዘብ ብቻ ነው፤ አንቺም በነጻ አልሠራሽም።

የግዢ ሠራተኛው ጉዳይ ከሁሉም የከፋ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ብዙ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ለአነስተኛ ግዢ እንኳ ቢያንስ ሦስት ፕሮፎርማ እንዲሰበሰብ የሚያዝ የግዢ መመሪያ አላቸው። ዓላማው ዋጋ ማወዳደር ነው። በተግባር ግን ሥራውን የሚወስደው ሰው ቀድሞ ታውቆ ሁለቱ ፕሮፎርማዎች ለማሟያ ብቻ የሚሰበሰቡበት ጊዜ ብዙ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግንቦትና ሰኔ ላይ እንዲህ ያለው ጥያቄ ይበዛል። ምልክቶቹን ማወቅ ትችያለሽ። ሥራውን የሚፈልገው ክፍል የትኛው እንደሆነ ብትጠይቂ መልስ የለም። የሚጣደፈው ስለ ማህተሙና ስለ ቀኑ እንጂ ስለ ይዘቱ አይደለም። ዝርዝሩ አንዳንዴ የሌላ ዲዛይነር ፕሮፎርማ ቃል በቃል ተገልብጦ ይመጣል። ማሟያ ሆነሽ አንዴ ሁለቴ ብትሰጪ ብዙም አትጎጂም፤ ስምሽ ፋይላቸው ውስጥ ይገባል። ግን አሥር ደቂቃ የሚወስድ ቋሚ ቅጽ ይኑርሽ እንጂ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ግማሽ ቀን አታቃጥዪ። በሦስተኛው ላይ «ከተጠቃሚው ክፍል ጋር አሥር ደቂቃ ካገናኙኝ ትክክለኛ ዋጋ አቀርባለሁ» በዪ። ካላገናኙሽ ሥራ የለም ማለት ነው።

ባዶ ፕሮፎርማ ላይ ግን ማህተም አታድርጊ። በምንም ምክንያት፣ ለማንም፣ የቱንም ያህል ብትቀራረቡ። ያንቺ ስም፣ ፊርማና ቲን ነምበር ባለበት ወረቀት ላይ ሌላ ሰው የሚሞላው ዋጋ ያንቺ ዋጋ ሆኖ ይቀመጣል። ኦዲተር ከሁለት ዓመት በኋላ ፋይሉን ሲከፍት የሚያገኘው አንቺን ነው፤ የግዢ ሠራተኛው እስከዚያ መሥሪያ ቤት ቀይሮ ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ የሐሰት ሰነድና የሙስና ክስ ድረስ ሊሄድ የሚችል ነው። «ዋጋውን ከፍ አድርገሽ ጻፊ፣ ልዩነቱን እንካፈላለን» የሚለውም የዚሁ ወንድም ነው። መልሱ አጭር ይሁን፣ ስብከት አትጨምሪበት፦ «ዋጋውን ሞልቼ፣ ቀን ጽፌና ፈርሜ ዛሬውኑ እልክልዎታለሁ፤ ባዶ ግን አልሰጥም።» ከዚህ በኋላ የሚቀየምሽ ሰው ይቀየም። እያንዳንዱ ፕሮፎርማሽ ላይ ተራ ቁጥር ይኑር፣ ቅጂውንም አስቀምጪ፤ አንድ ቀን «ይህን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» ስትባዪ የምታሳዪው ይኖርሻል።

ፕሮፎርማ ተራ ወረቀት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን ለመዋዋል ሐሳብ ያቀረበን ሰው ያስራል። በቁጥር 1690 መሠረት መቀበያ ጊዜ ወስነሽ ዋጋ ካቀረብሽ ያ ጊዜ እስኪያልቅ በቃልሽ ትገደጃለሽ። በቁጥር 1691 ደግሞ ጊዜ ካልወሰንሽ ሌላው ወገን አስቦ ለመወሰን ይበቃዋል ተብሎ እስከሚገመተው ጊዜ ድረስ ትገደጃለሽ፤ ያ ጊዜ ስንት እንደሆነ ደግሞ ማከራከሩ አይቀርም። ስለዚህ «ይህ ዋጋ እስከዚህ ቀን የጸና ነው» የሚለው መስመር አንቺን የሚጠብቅ ነው። ለዲዛይን ሥራ 15 ቀን ይበቃል። ኅትመት ከተጨመረበት ከ5 ቀን አታስበልጪ። እኔ ይህን የተማርኩት ተጎድቼ ነው። በሰኔ 2016 ለአንድ ድርጅት የ2017 የቀን መቁጠሪያ ዲዛይንና ኅትመት አንድ ላይ ዋጋ ሰጠሁ፤ ቀን ግን አልጻፍኩበትም። ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር በቀናት ውስጥ ብዙ ዋጋ አጣ፤ ወረቀትም ቀለምም ከውጭ የሚገባ ነውና ማተሚያ ቤቱ ዋጋውን ቀየረ። ድርጅቱ ነሐሴ ላይ «ተስማምተናል፣ ጀምሩ» አለኝ። ቃሌን ላለማጠፍ ልዩነቱን ከኪሴ ከፈልኩ፤ የዲዛይን ድካሜ ሁሉ በዚያ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ኅትመትን ከዲዛይን ጋር በአንድ ቁጥር አልጽፍም። ደንበኛው ለማተሚያ ቤቱ በቀጥታ ይክፈል፤ አንቺ ለክትትሉ የምትወስጂውን በግልጽ ጻፊ።

«ቀብድ» በሚለው ቃልም ተጠንቀቂ። በዕለት ተዕለት ንግግራችን ቀብድ እና ቅድሚያ ክፍያ አንድ ናቸው፤ በሕግ ግን አይደሉም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ለቆ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ የተቀበለ ወገን ደግሞ ማፍረስ ከፈለገ እጥፉን ይመልሳል። 9,000 ብር «ቀብድ» ብለሽ ተቀብለሽ ብትታመሚና ሥራውን መተው ብትፈልጊ 18,000 ልትጠየቂ ትችያለሽ ማለት ነው። ስለዚህ ደረሰኝሽም ስምምነትሽም ላይ «የመጀመሪያ ዙር ክፍያ» ብለሽ ጻፊ። መጠኑ ግማሽ ይሁን፤ ቀሪው ግማሽ የመጨረሻዎቹ ፋይሎች ከመሰጠታቸው በፊት ይከፈል። ከሦስት ቀን ለሚያንስ ሥራ ሙሉውን ቅድሚያ ተቀበይ። ይህ ምክር ወሰን እንዳለው ግን እወቂ፤ አብዛኛው መሥሪያ ቤት ሥራ ሳይረከብ አይከፍልም፣ ከተረከበም በኋላ ያዘገያል። ለእንዲህ ያለው ደንበኛ በጽሑፍ የግዢ ማዘዣ ሳትቀበዪ አትጀምሪ፤ ሁለት ወር ያለ ክፍያ መቆየት ካልቻልሽም ሥራውን አትውሰጂ።

ስለ ግብር ባጭሩ። ለቫት ስላልተመዘገብሽ ቫት ጨምረሽ መጠየቅ አትችዪም፤ ደንበኛው የቫት ደረሰኝ እንደሚፈልግ ገና ሲጀመር ጠይቂ። ወደፊት ስትመዘገቢ ዋጋው 15 በመቶውን ይጨምር አይጨምር በፊደል ጻፊ። ሳትጽፊ የቀረሽ ቀን 100,000 ያልሽውን ደንበኛው «ቫትን ጨምሮ ነው» ብሎ ይይዝሻል፤ እጅሽ የሚገባው 87,000 እንኳ አይሞላም። ድርጅቶች ሲከፍሉሽ ቅድመ ግብር (ከክፍያሽ ላይ ቀድመው የሚያስቀሩት ግብር) ይቀንሳሉ፤ የተቀነሰበትን ደረሰኝ ሳትቀበዪ አትውጪ፣ በዓመቱ መጨረሻ ከግብርሽ ላይ የሚታሰብልሽ በእሱ ነው። ቲን ነምበርና የታደሰ ንግድ ፈቃድ ሳታቀርቢ ከተገኘሽ ደግሞ የሚቆረጥብሽ ከመደበኛው እጅግ ይበልጣል።

ሌላው ዋጋ ውስጥ መግባት ያለበት የፋይሉ ጉዳይ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ «ሶርስ ፋይሉንም (እንደገና ሊስተካከል የሚችለውን ዋናውን ፋይል) ላኪልን» የሚል መልእክት መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔ ክርክር ይነሳል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ባለቤቱ ያሠራው ወገን ነው። «እኔ የሠራሁት የእኔ ነው» ብለሽ የምታስቢ ከሆነ ተሳስተሻል። ስለዚህ ሶርስ ፋይል ይሰጥ አይሰጥ፣ ያልተመረጡት ረቂቆች የማን እንደሚሆኑ፣ ሥራውን በራስሽ ገጽ ላይ ማሳየት ትችዪ እንደሆነ፣ ስንት ዙር ማስተካከያ እንዳለ፣ ሁሉም በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ይስፈር። ገጹ አንድ ብቻ ይሁን፤ ከአንድ ገጽ በላይ ከሆነ አያነቡትም።

ሳትጠይቂኝ ስለ ዘመድ ሥራ አንድ ነገር ልጨምር፤ እህቴ፣ ብዙዎቻችንን ያከሰረን እሱ ነው። የአክስት ልጅ የሠርግ ካርድ፣ የእድር ባነር፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መጽሔት ሲመጣ ወይ ሙሉ በሙሉ በስጦታ ሥሪ፣ ወይ በሙሉ ዋጋ። በግማሽ ዋጋ አትሥሪ። በግማሽ ዋጋ የሠራሽለት ዘመድ የከፈለ ስለሚመስለው እንደ ደንበኛ ያዝዝሻል፤ አንቺ ደግሞ የሰጠሽ ስለሚመስልሽ ትሰለቺያለሽ። በስጦታ ስትሠሪም እውነተኛውን ዋጋ ጽፈሽ «የእህት ስጦታ» ብለሽ ላኪው፤ የድካምሽን ልክ ይወቁት።

ይህን ሁሉ ብታደርጊም ከአሥራ አንዱ አሥራ አንዱን አታገኚም። ሦስት ወይም አራት ካገኘሽ መልካም ነው። ገበያው ሲቀዘቅዝ ዋጋሽን እንድትቀንሺ ይገፋፋሻል፤ ያኔም ሥራውን እያሳነስሽ ዋጋውን አሳንሺ እንጂ ቀንሽን አታርክሺ።

አሁን ካፌ ልትከፍት ላለችው ሴት መልሺላት፤ ዛሬውኑ። 18,000 ብለሻታልና ቃልሽን ወደ ላይ አትቀይሪባት፤ ሥራውን በ18,000 ልክ ወስኚላት፤ በቀን 4,000 ሲታሰብ አራት ቀን ተኩል ነው። የሚከተለውን በቴሌግራም ላኪላት፦

«ጤና ይስጥልኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። የነገርኩዎት 18,000 ብር እንዳለ ነው። በዚህ ዋጋ የሚያገኙት ሁለት የሎጎ ረቂቅ፣ የመረጡትን አንድ ዙር ማስተካከያ፣ እንዲሁም በአንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ የሚሆን የአማርኛ ሜኑ ነው፤ የሜኑው ጽሑፍ ተተይቦና ታርሞ ከእርስዎ ይመጣል። እንግሊዝኛውን እንድጨምር ከፈለጉ 6,000 ብር ተጨማሪ ነው። ኅትመት አልተካተተም። በነጻ ሳምፕል አልሠራም፤ ግን ስጋትዎ ይገባኛልና እንዲህ እናድርግ፦ 9,000 ብር ሲከፍሉ እጀምራለሁ፣ ረቂቆቹን በስድስት ቀን አሳይዎታለሁ፤ ካልወደዷቸው በዚያው እናቆማለን፣ ቀሪውን አይከፍሉም። ከዚህ በፊት ለምግብ ቤት የሠራኋቸውን ሁለት ሥራዎች አያይዣለሁ። ዋጋው ከዛሬ ጀምሮ ለ15 ቀን የጸና ነው።»

የምታያይዢው የምግብ ቤት ሥራ ከሌለሽ የቀረበውን መርጠሽ ላኪ፤ ያልሠራሽውን ሠርቻለሁ አትበዪ። ዝም ካለችሽ በአምስተኛው ቀን አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሻት። በአሥራ አምስተኛው ቀን ዋጋው እንዳበቃ በአንድ መስመር ጽፈሽላት ፋይሉን ዝጊው። ከወር በኋላ ተመልሳ ብትመጣ አዲስ ዋጋ ነው የምትሰጪያት፤ ያኔ ከ32,000 ተነሺ።